ላ፣ ሜ፣ ቢ፦ የስፓኒሽን ግሥ በፊደል ገበታ ማርባት

"ዮ ኮቺኖ" አልኩ። ኩሽናው በሳቅ ተናጋ።

ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኩሽና ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። አንዱ "አንተ እዚህ ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ። "እኔ አበስላለሁ" ማለት ፈለግኩ። ግሡን ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ፣ ሲነገር ግን ሰምቼው አላውቅም። እኛ ደግሞ በማኪያቶና በፒያሳ ያደግን ሰዎች ነን። እንግሊዝኛ ያልሆነ የላቲን ጽሑፍ ካየን ወደ ጣልያንኛ እንስበዋለን። "ቺ" ብዬ አነበብኩት። ትክክሉ "ኮሲኖ" ነበር። "ኮቺኖ" አሳማ ነው። ሥራውን እስክለቅ ድረስ ቅጽል ስሜ ኮቺኖ ሆኖ ቀረ።

ሳቁ በረድ ሲል ግን በዕድሜ ጠና ያሉት ሴትዮ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "መጨረሻው እኮ ልክ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መሐሉን አበላሽቼ መጨረሻውን አግኝቼዋለሁ። በ"ኦ" ነው የጨረስኩት። "ኦ" ደግሞ "እኔ" ማለት ነው። የስፓኒሽ ግሥ ሲረባ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚያ መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በትእዛዝ ወረቀት ጀርባ ላይ ግሦችን በራሳችን ፊደል እየጻፍኩ መለማመድ ጀመርኩ። በላቲን ፊደል የተሠራውን ባለ ስድስት መስመር ሰንጠረዥ ሳይ ዓይኔ ይፈዝ ነበር። በእኛ ፊደል ስጽፈው ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በዋናነት የሚለዋወጠው የአንዲት ፊደል እግር ነው። ሀ ሁ ሂ ብሎ የቆጠረ ሰው ይህን ልምምድ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ እዚህም ቃላቱን ሁሉ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። የላቲኑን አጻጻፍ ከመዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ትይዙታላችሁ።

መጀመሪያ፣ አምስቱን ድምፆች ያዙ

ስፓኒሽ አናባቢው አምስት ብቻ ነው። ከእኛ ሰባቱ ውስጥ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ አሉ። ግዕዙ የለም። ሳድሱም ቢሆን አናባቢ ለሌለው ተነባቢ ብቻ ነው የሚያገለግለን። "ልብ" ስንል በ"ል" እና በ"ብ" መሐል የምትሰማው አጭር ድምፅ እነሱ ጋ የለችም። ስለዚህ "ላ" ሁልጊዜ ሙሉ "ላ" ነው፣ ሲቸኩሉም ወደ "ለ" አይወርድም። አፋችሁን ከፈት አድርጉት።

ተነባቢዎቹ ላይ ደግሞ እኛ ዕድለኞች ነን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚታገሉበት "ኛ" ለእኛ የዕለት ድምፅ ነው፤ "ማኛና" ማለት ነገ ነው፣ አለቀ። ጉሮሮ የሚቧጥጠው "ኸ"ም አለን። ስፔኖች ጠበቅ አድርገው ይሉታል፣ ብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ወደ "ሀ" ያለሰልሱታል።

ስለ አጻጻፍ ሦስት ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሀን ቦታ የያዘችው ፊደል አትነበብም። ስለዚህ "መናገር" የሚለው ቃል "አብላር" እንጂ "ሃብላር" አይባልም። እንደ "ቨ" የተጻፈውም "በ" ተብሎ ነው የሚነገር። ሁለት "ለ" ተያይዘው ሲመጡ ደግሞ በአብዛኛው አገር "የ" ይሆናሉ። የ"ኮሲኖ"ን "ሲ" በሚመለከት የላቲን አሜሪካውን ንግግር ነው የምከተለው፤ አብዛኛው ስፔን ውስጥ ምላስን በጥርስ መሐል አውጥተው ነው የሚሉት። "ቺ" የሚላት ግን የትም የለም። ከእኔ ተማሩ።

ግሡ የየትኛው ቤት ልጅ ነው?

እኛ ግሥን ስንጠራ "መ" ከፊት እናስቀምጣለን፦ መናገር፣ መብላት፣ መኖር። እነሱ ከኋላ "ር" ያስቀምጣሉ። መዝገበ ቃላት ውስጥ የምታገኙት ግሥ ሁሉ በ"ር" ያልቃል። ከ"ር" በፊት ያለችውን ፊደል ተመልከቱ። ቤቱን የምትነግራችሁ እሷ ናት።

አብላር፣ መናገር። ከ"ር" በፊት "ላ" አለች። ራብዕ ናት። ይህ የራብዕ ቤት ነው።

ኮሜር፣ መብላት። "ሜ" ኃምስ ናት። የኃምስ ቤት።

ቢቢር፣ መኖር። "ቢ" ሣልስ ናት። የሣልስ ቤት።

ከሦስቱ ቤቶች ውጪ ግሥ የለም። ሰፊው ቤት የራብዕ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። አዲስ የሚፈጠር ግሥም የሚገባው እዚያ ነው። ስልክ ላይ ቻት ማድረግ "ቻቴአር" ተብሎ ራብዕ ሆኗል። ስለዚህ ጊዜ ካጠራችሁ የራብዕን ቤት ብቻ አጥኑ። ሌሎቹ ሁለቱ የእሱ ወንድሞች ናቸው።

መቁረጥና መቀጠል

አሁን ወደ ሥራ። "አብላር"ን እንያዝ።

አንደኛ፣ "ር"ን ጣሉ። "አብላ" ቀረ።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ሳድስ መልሷት። "አብል" ሆነ። ይህ የግሡ ግንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግንዱን አትነኩትም።

ሦስተኛ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይታችሁ የመጨረሻዋን ፊደል ቀይሩ፣ ጭራም ካላት ጨምሩ።

እኔ፦ አብሎ
አንተ ወይም አንቺ፦ አብላስ
እሱ፣ እሷ ወይም እርስዎ፦ አብላ
እኛ፦ አብላሞስ
እናንተ፦ አብላይስ
እነሱ፦ አብላን

ልብ ብላችሁ ካያችሁት "እኔ" ብቻ ሳብዕ ነው። የቀሩት ሁሉ የቤታቸውን ራብዕ ይዘው ቀጥለዋል። ሰዎቹን የሚለዩት ጭራዎቹ ናቸው። "ስ" አንተ ነው። ባዶ ከሆነ እሱ ነው። "ሞስ" እኛ ነው። "ይስ" እናንተ፣ "ን" እነሱ። "ሞስ"ን ለመያዝ ኳስ የሚያይ ሰው አይቸገርም። ስታዲየም ውስጥ "ቫሞስ!" ሲባል ሰምታችኋል። "እንሂድ" ማለት ነው። ግሡ ራሱ ከደንብ የወጣ ቢሆንም ጭራው ይኸው "ሞስ" ነው።

የኃምስ ቤት በዚሁ መንገድ ይሄዳል። "ኮሜር" ተቆርጦ "ኮም" ይሆናል።

እኔ፦ ኮሞ
አንተ፣ አንቺ፦ ኮሜስ
እሱ፣ እሷ፣ እርስዎ፦ ኮሜ
እኛ፦ ኮሜሞስ
እናንተ፦ ኮሜይስ
እነሱ፦ ኮሜን

ራብዕ የነበረው ሁሉ ኃምስ ሆነ። ሌላ ምንም አልተለወጠም። "እኔ" አሁንም ሳብዕ ነው።

የሣልስ ቤት ግን ትንሽ ወላዋይ ነው። ግንዱ "ቢብ" ነው።

እኔ፦ ቢቦ
አንተ፣ አንቺ፦ ቢቤስ
እሱ፣ እሷ፣ እርስዎ፦ ቢቤ
እኛ፦ ቢቢሞስ
እናንተ፦ ቢቢስ
እነሱ፦ ቢቤን

ሣልሱ የታየው "እኛ" እና "እናንተ" ላይ ብቻ ነው። የቀረውን ከኃምስ ቤት ተበድሯል። "እናንተ" ላይ ደግሞ "ይስ" አይደለም፣ "ስ" ብቻ ነው። "ቢቤስ" ካላችሁ አንድ ሰው ነው፣ "ቢቢስ" ካላችሁ ብዙ ሰው። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ "ቢቤሞስ" በማለት ነው። እኔም ለወራት ብዬዋለሁ፣ ማንም አላረመኝም። ይገባቸዋላ።

ይሄ ከበዳችሁ የራሳችንን እዩት። "መብላት" ብለን "እበላለሁ፣ ትበላለህ፣ ይበላል" እንላለን። ከፊትም ከኋላም ነው የምንቀጥለው። ሴት ስትሆን ደግሞ "ትበያለሽ"። "ላ"ዋ የት ገባች? ለውጭ አገር ሰው አስረዱ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ይህን ያለ ሰንጠረዥ የያዘ አእምሮ ስድስት ጭራ አያቅተውም።

ማን ነው የሚናገረው?

"እኔ" በስፓኒሽ "ዮ" ነው። "አንተ" ደግሞ "ቱ"። ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋችሁም። እኛ "እበላለሁ" ካልን በቃ፣ "እኔ እበላለሁ" የምንለው ከሌላው ለመለየት ስንፈልግ ነው። ስፓኒሽም ልክ እንደዚያ ነው። "ኮሞ" ሲባል "እኔ" ውስጡ አለ። ችግሩ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን ቀድመን ስለተማርን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ "ዮ፣ ዮ፣ ዮ" እንላለን። ሰሚው "ይሄ ሰው ስለራሱ ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው" ይላል። በአማርኛ ብታስቡት ይሻላል።

ፆታ ላይ እፎይ በሉ። "ትናገራለህ" እና "ትናገሪያለሽ" ሁለቱም "አብላስ" ናቸው። "ይናገራል" እና "ትናገራለች"ም "አብላ"። ማን እንደሆነ ካልገባ "ኤል" ለወንድ፣ "ኤያ" ለሴት ትጨምራላችሁ። ግሡ ግን ንቅንቅ አይልም።

አክብሮት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። "እርስዎ" በስፓኒሽ "ኡስቴድ" ነው። ግሡን ከ"እሱ" ይዋሳል፦ "ኡስቴድ ትራባኻ" ማለት "እርስዎ ይሠራሉ" ነው። ለምን ከ"እሱ"? ቃሉ የመጣው "ብዌስትራ ሜርሴድ" ከሚል የድሮ አጠራር ነው፣ "ጸጋዎ" እንደማለት። "ጸጋዎ ምን ይላል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሦስተኛ መደብ መጠየቁ ግድ ነው። አጠራሩ በጊዜ ብዛት አጥሮ "ኡስቴድ" ሆነ። እኛም "እርስዎ ይሠራሉ" ስንል ግሡ ከ"እነሱ ይሠራሉ" ጋር አንድ ነው። ለማክበር ከሌላ መደብ መዋስ ሁለታችንም ጋ አለ። እነሱ ከአንዱ ወሰዱ፣ እኛ ከብዙዎቹ። ያቺን ትከሻዬን መታ ያደረጉ ሴትዮ እስከ መጨረሻው "ኡስቴድ" ነው ያልኳቸው። "አንቺ" ማለት አፌ እሺ አላለኝም።

"እናንተ" ላይ አገር ይለያያል። "አብላይስ፣ ኮሜይስ፣ ቢቢስ" የስፔን ነው። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ለጓደኞቻችሁም ሆነ ለትልልቅ ሰዎች "ኡስቴዴስ" ብላችሁ የ"እነሱ"ን ግሥ ነው የምትጠቀሙት፦ "ኡስቴዴስ አብላን"። ስለዚህ የምትኖሩት አሜሪካ ከሆነ የ"ይስ" መስመርን ለጊዜው ዝለሉት። አምስት መስመር ቀረላችሁ። ማድሪድ ወይም ባርሴሎና ያላችሁ ግን አትዝለሉት።

አሁን ማንም መተግበሪያ ያልነገረኝ ነገር። ከ"ቱ" ጋር ስሄድ ስሄድ ኩሽና ውስጥ "ቮስ" የሚባል ሌላ "አንተ" አጋጠመኝ፣ ሲነገር "ቦስ"። ሳልቫዶሮች፣ ሆንዱራሶች፣ ኒካራጓዎች፣ አርጀንቲናዎችና ኡራጓዮች ይጠቀሙበታል። ደስ የሚለው ነገር ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ግሡን ከመዝገበ ቃላት አንሡት፣ "ር"ን በ"ስ" ተኩት፣ ጨረሳችሁ። አብላር፣ አብላስ። ኮሜር፣ ኮሜስ። ቢቢር፣ ቢቢስ። ድምፃችሁን የምትጭኑት ግን መጨረሻው ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ኩባ። በደርግ ዘመን በልጅነታቸው ወደ ኩባ ሄደው የተማሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን አሉ። ስፓኒሻቸው እስከ ዛሬ ድረስ የደሴቷ ነው። እዚያ አካባቢ የቃል መጨረሻ ላይ ያለች "ስ" ትነፍስና ወደ "ህ" ትጠጋለች። "አብላስ" የሚለው "አብላህ" ይመስላል። ለእኛ ጆሮ እንዴት እንደሚጥም! "ትናገራለህ" ስንል መጨረሻው ያው "ህ" አይደል? ዝም ብሎ አጋጣሚ ነው፣ ለማስታወስ ግን ይጠቅማል። ይህች "ስ" ጭራሽ ስትጠፋ "አንተ" እና "እሱ" ስለሚመሳሰሉ ኩባዎች "ቱ" የሚለውን ቃል ከሌላው ይልቅ ያዘወትራሉ።

ድምፅ የት ይጫናል?

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። በእኛ ቋንቋ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይቀይራል፦ "ገና" በዓሉና "ገና" ያልደረሰው አንድ አይደሉም። በስፓኒሽ ይህን ሥራ የሚሠራው ድምፅ የሚጫንበት ቦታ ነው።

"ትራባኻር" ማለት መሥራት ነው። "ትራባኾ" ብላችሁ "ባ" ላይ ድምፅ ከጫናችሁ "እሠራለሁ" ነው። "ኾ" ላይ ከጫናችሁ "ሠራ" ሆነ፣ እሱ፣ ትላንት። አለቃችሁ "ነገ ማን ይሠራል?" ብሎ እጃችሁን አውጥታችሁ "ሠራ" ብትሉት ማን እንደሠራ ይጠይቃችኋል።

ደንቡ አጭር ነው። ከመጨረሻው ክፍለ ቃል በፊት ባለው ላይ ጫኑ። "አብ" ላይ ጭናችሁ "አብሎ"፣ "አብላስ"፣ "አብላ"፣ "አብላን"። "አብላሞስ" ላይ ግን "ላ" ከመጨረሻው በፊት ስለሆነች ጭነቱ ወደ እሷ ይሻገራል። የስፔኑ "እናንተ" እና የሳልቫዶሩ "ቮስ" ብቻ መጨረሻቸው ላይ ይጫናሉ። ሲጻፉም በላያቸው ላይ ትንሽ ጭረት ያስቀምጡባቸዋል።

ዓረፍተ ነገር እንሥራ

እኛ ግሡን መጨረሻ እናደርጋለን፣ እነሱ ከፊት ያመጡታል። "እንጀራ እበላለሁ" የሚለው "ኮሞ እንጀራ" ይሆናል። "ማድሪድ እኖራለሁ" የሚለው "ቢቦ ኤን ማድሪድ"።

አሉታ ቀላል ነው። እኛ ግሡን ከፊት በ"አል" ከኋላ በ"ም" እንጠቀልለዋለን። እነሱ "ኖ" ብለው ከፊት ያስቀምጣሉ፣ በቃ። የኩሽና ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ ከሁሉ በላይ የተጠቀምኩባት ዓረፍተ ነገር "ኦይ ኖ ኮሞ ካርኔ" ናት። "ዛሬ ሥጋ አልበላም"። ረቡዕና ዓርብ የሠራተኛ ምሳ ሲወጣ እሷን ባላውቃት ኖሮ በየሳምንቱ ዶሮ ይቀርብልኝ ነበር። "ምንም አልበላም" ለማለት "ኖ ኮሞ ናዳ" ይላሉ። እኛም "ምንም"ን ከአሉታ ጋር ነው የምናጣምረው፣ ስለዚህ አይገርማችሁም።

ጥያቄ ደግሞ ቃል አይፈልግም። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጨርሱ። "ትራባኻስ ማኛና?" ማለት "ነገ ትሠራለህ?" ነው። ሲጻፍ ግን ጥያቄው ገና ሲጀመር የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ይደረጋል። የቃል አጋኖም እንደዚያው ተገልብጦ ይከፍታል። ይህችን የተገለበጠች ቃል አጋኖ የምናውቃት በሌላ ሥራዋ ነው፦ ትእምርተ ሥላቅ ናት። እነሱ ጋ ከልባቸው ነው የሚጽፏት። መጀመሪያ ሳያት ሁሉም የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር።

ይህ የአሁን ጊዜ ግሥ የት ድረስ ያገለግላል? የእኛ "እሠራለሁ" የዘወትርም የነገም ነው። "ትራባኾ"ም እንደዚያው ነው። "ማኛና ትራባኾ" ስትሉ ነገ እሠራለሁ ነው፣ የተለየ የወደፊት ቅርጽ ባታውቁም ትግባባላችሁ። ትላንት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልቆመ ነገርም በዚሁ ይነገራል። "ከ2019 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ" የሚለው "ቢቦ አኪ ዴስዴ 2019" ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ቅርጽ ስላለው ተናጋሪዎቹ ይደናገራሉ። እኛ ጋ ግን ችግር የለም።

እንዴት ልለማመድ?

ስድስቱን መስመር እንደ ዳዊት አትድገሙ። ንግግር ማለት ጥያቄና መልስ ነው። ጥያቄው በ"ስ" ይመጣል፣ መልሱ በሳብዕ ይሄዳል። "ትራባኻስ?" ሲሏችሁ "ሲ፣ ትራባኾ"። "ኮሜስ ካርኔ?" ሲሏችሁ "ኖ፣ ኖ ኮሞ"። ዶንዴ ማለት የት ነው፦ "ዶንዴ ቢቤስ?" "ቢቦ ኤን ቨርጂኒያ"። እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ በሃያ ግሦች ላይ ብትሠሩባቸው የኩሽናውን፣ የፓርኪንጉንና የሱቁን ወሬ ግማሽ ያዛችሁ። ቀጥሎ "እሱ"፣ ከዚያ "እኛ"። "እነሱ" ራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ የምመክራችሁ ግሥ "ያማር" ነው፣ መጥራት። ሳታውቁት ይዛችሁታል። ስፓኒሽ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት "ሜ ያሞ" ናት፣ "ስሜ እገሌ ነው" ለማለት። ቃል በቃል "ራሴን እጠራለሁ" ነው። "ያሞ፣ ያማስ፣ ያማ፣ ያማሞስ፣ ያማን"። የራብዕ ቤት ግሥ በእጃችሁ ነበረ።

ከዚያ እነዚህን ጨምሩ። ከራብዕ ቤት ሊምፒያር ማጽዳት፣ ኮምፕራር መግዛት፣ ፓጋር መክፈል፣ ኤስፔራር መጠበቅ፣ ዬጋር መድረስ፣ ኔሴሲታር መፈለግ ወይም ማስፈለግ። ከኃምስ ቤት ቤቤር መጠጣት፣ ቤንዴር መሸጥ፣ አፕሬንዴር መማር፣ ኮሬር መሮጥ። ከሣልስ ቤት አብሪር መክፈት፣ ኤስክሪቢር መጻፍ፣ ሱቢር ወደ ላይ መውጣት፣ ሬሲቢር መቀበል።

አንዳንዶቹ ሲረቡ አማርኛ መስለው ይመጣሉ። ለማስታወስ ይህን የመሰለ ነገር የለም። "አብሪር" ውስጥ "እከፍታለሁ" ማለት "አብሮ" ነው። "ላባር" ማጠብ ነው፣ "ያጥባል" ደግሞ "ላባ"። "አማር" ማፍቀር ነው፣ "ያፈቅራል" ስትሉ "አማ"። እኛ ጋ ሰው ሲያማ ከኋላ ነው፣ እነሱ ጋ ከልብ። "ጋናር" ማሸነፍ ነው። "ባርሳ ጋና" ቢሏችሁ ስለ አገሩ አይደለም፣ ባርሳ ያሸንፋል ነው።

ደንብ አፍራሾቹ

እውነቱን ለመናገር ብዙ የሚዘወተሩት ግሦች ከዚህ ደንብ ያፈነግጣሉ። መሆን፣ መሄድ፣ "አለኝ" የምንልበት ግሥ፣ ማድረግ፣ እነዚህ ለብቻቸው ይጠናሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጭራቸውን ጠብቀው ግንዳቸውን ይሰብራሉ። "ፔርዴር" መሸነፍ ወይም ማጣት ነው፣ "ፔርዶ" ይሆናል ስትሉ "ፒዬርዶ" ይላል። ማሸነፍ ደንበኛ፣ መሸነፍ ግን ወጣ ገባ። ሳብዑ ግን እዚያም አልተነካም።

አንዳንድ ግሥ ግን በላቲን ፊደል ከደንብ የወጣ መስሎ በእኛ ፊደል ሰላማዊ ነው። "ሬኮኼር" ማንሣት፣ መሰብሰብ ነው። "እኔ" ላይ ሲደርስ በላቲኑ አንዲት ፊደል በሌላ ትተካለች፣ ተማሪውም ይደናገጣል። በእኛ ግን "ኼ" ወደ "ኾ" ሄደች፣ "ሬኮኾ"፣ ሌላ ምን ተደረገ? "ቤንሴር" ድል መንሣት ነው፣ "ቤንሶ"። እሱም ያው ነው። የተለወጠው ፊደሉ እንጂ ድምፁ አይደለም።

ሞክሩት

መልሱን ሳታዩ በቃላችሁ ርቡ። "ላባር" ለ"እኔ"። "ቤቤር" ለ"እነሱ"። "ኤስክሪቢር" ለ"አንቺ"። "ኔሴሲታር" ለ"እርስዎ"። "አብሪር" ለ"እኛ"። "ቤንዴር" ለሳልቫዶሩ "ቮስ"። "ኮሲናር" ለ"እኛ"።

መልሱ፦ ላቦ። ቤቤን። ኤስክሪቤስ፣ "ቢስ" ካላችሁ የስፔኑን "እናንተ" ወይም "ቮስ"ን ነው የተናገራችሁት። ኔሴሲታ። አብሪሞስ፣ "አብሬሞስ" ያለ ወደ ሣልስ ቤት ይመለስ። ቤንዴስ፣ ድምፁ "ዴ" ላይ። ኮሲናሞስ። "ሲ" ነው፣ "ቺ" አይደለም።